ኢኮኖሚክስ ለሚማሩ ልጆች ወላጆች የሚሆን ማስታወሻ

ለልጅ ከሚተርፈው ርስት ሁሉ ሌባ የማይሰርቀው፥ እሳት የማያቃጥለው፥ ዳኛም የማያካፍለው ትምህርት ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ነገሩ እውነት ነው። ዳሩ ግን ይህ ርስት እንደ ማናቸውም ርስት ድንበሩና ስፋቱ፥ ድካሙና ፍሬው አስቀድሞ ካልታወቀ ወራሹንም አውራሹንም ያስቸግራል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት በቤተ ሰብ ገጻችን ልንነጋገርበት ያሰብነው፥ ብዙ ልጆች ስለሚገቡበት ጥቂት ወላጆች ግን ጠባዩን ስለሚያውቁት ስለ ኢኮኖሚክስ ትምህርት አደረጃጀት ነው።

በሆሳዕናና በዱራሜ፥ በሾኔና በሺንሺቾ፥ በአንጋጫና በዶዮገና፥ በሀደሮና በሆመቾ ባሉት ቤቶች ልጅ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ባለፈ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ልጁ «ኢኮኖሚክስ ልማር አስቤአለሁ» ሲል አባት «ይህ ትምህርት ባንክ የሚያስገባ ነውን? ወይስ የሒሳብ መዝገብ የሚያስይዝ?» ብሎ ይጠይቃል። እናት «ስንት ዓመት ይፈጃል?» ትላለች። በደቡብ አፍሪካ ያለው ታላቅ ወንድም ደግሞ በስልክ «አራት ዓመት ከምታባክን ወደ እኔ ብትመጣ ይሻልሃል» ይለዋል። ሦስቱም የሚናገሩት ለልጁ በማሰብ ነው። ነገር ግን ትምህርቱ እንዴት እንደ ተሠራ ሳያውቁ ቢፈርዱ፥ ፍርዳቸው በጨለማ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ማንን እንደሚመታ አይታወቅም።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

«ኢኮኖሚ» የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «የቤት አስተዳደር» ማለት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያይቱ የኢኮኖሚክስ አዋቂ የቤት እመቤት ናት ብንል ከእውነት አንርቅም። በሆሳዕና ገበያ አንድ ሺህ ብር ይዛ የቆመች እናት፥ ቅቤ ብገዛ ለልጁ ደብተር አይተርፈኝም፤ ደብተር ብገዛ ደግሞ የወፍጮ ዋጋ ያጥረኛል እያለች ስታመዛዝን፥ መምህራን በትልልቅ አዳራሽ የሚያስተምሩትን የመጀመሪያውን ትምህርት በተግባር እየሠራች ነው። ፍላጎት ብዙ ነው፤ ገንዘብ፥ መሬትና ጊዜ ግን ጥቂት ናቸው፤ አንዱን የመረጠ ሌላውን ይተዋል። ያ የተተወው ነገር የተመረጠው ነገር እውነተኛ ዋጋ ነው።

የእንሰትን ተክል የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እንሰት ከተተከለ በኋላ ለቆጮ እስኪደርስ እንደ ዘሩና እንደ አገሩ አየር ከ4 እስከ 7 ዓመት ይቈያል። ዘንድሮ ቈርጦ የሚበላ ቤተ ሰብ የከርሞውን ትርፍ ይተዋል፤ ለከርሞ የሚያቈይ ደግሞ የዘንድሮውን ሆዱን ይቀጣል። ይህን ዓይነቱን ምርጫ በአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን በከተማ፥ በአገርና በዓለም ላይ አስፍቶ በሒሳብና በማስረጃ መመርመር ነው ኢኮኖሚክስ የሚባለው። በአማርኛም የምጣኔ ሀብት ትምህርት ይሉታል።

እንግዲህ የአባትን ጥያቄ ለመመለስ፥ ይህ ትምህርት ከሒሳብ መዝገብ አያያዝ የተለየ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ የገባውንና የወጣውን ገንዘብ በትክክል ይመዘግባል። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ግን የስንዴ ዋጋ ለምን እንደ ወጣ፥ ግብር ቢጨመር ማን እንደሚጐዳ፥ ባንክ ወለዱን ቢያሳድግ ነጋዴው ምን እንደሚያደርግ ይጠይቃል። ሁለቱ በባንክ ቤት ጐን ለጐን ሊሠሩ ይችላሉ እንጂ ትምህርታቸው አንድ አይደለም።

በዓለም ላይ ይህ ዕውቀት ራሱን ችሎ እንደ ዲግሪ መሰጠት የጀመረው ከረጅም ጊዜ ወዲህ አይደለም። የስኮትላንዱ አዳም ስሚዝ ስለ መንግሥታት ሀብት የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ የታተመው በ1776 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲሆን፥ በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ግን ኢኮኖሚክስ ከሌላው ትምህርት ተለይቶ የራሱን ፈተና ያገኘው በአልፍሬድ ማርሻል ትጋት በ1903 ነው። በአገራችን ደግሞ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ዩኒቨርሲቲ ባልነበረበት ዘመን ስለ ሕዝብ ሀብት፥ ስለ ንግድና ስለ ሥራ ክፍፍል አስበው ጻፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው እርሳቸው በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ ግን የሀዲያና የከምባታ ልጅ ይህን ትምህርት ለማግኘት የግድ ወደ አዲስ አበባ መውጣት የለበትም። በከተማይቱ በቀድሞ ስሟ የተጠራው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ትምህርቱ በሆሳዕና ይሰጣል። ዩኒቨርሲቲው በዱራሜም ቅርንጫፍ ግቢ አለው።

ስለ በሩ

ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው በር ጠባብ መሆኑን ወላጅ ሁሉ ሊያውቅ ይገባል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው የተፈተኑበት የመጀመሪያው ነው። በዚያ ፈተና ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆኑ። ግማሹን ላላገኙ ነገር ግን ለተቃረቡት የማካካሻ ትምህርት ተዘጋጅቶ፥ ያንን ያለፉ እንዲገቡ ተደርጓል። ስለዚህ ልጁ ያልሆነለት ወላጅ ልጁን «ሰነፍ» ብሎ ከመስደቡ በፊት ከመቶው ውስጥ ስንቱ በውጭ እንደ ቀረ ያስብ። የሆነለት ደግሞ ያገኘው ዕድል ብርቅ መሆኑን ዐውቆ ይጠብቀው።

ስለ አራቱ ዓመታት

በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርት ፖሊሲ በኋላ የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው ወደ ሦስት ዓመት አጥሮ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ለሁሉም የጋራ የሆነ አንድ ዓመት በፊቱ ስለ ተጨመረ የኢኮኖሚክስ ትምህርት አራት ዓመት ይፈጃል። እያንዳንዱም ዓመት በሁለት መንፈቅ ይከፈላል።

የመጀመሪያው ዓመት። በዚህ ዓመት ተማሪው ገና የኢኮኖሚክስ ተማሪ አልሆነም። ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ልጁ የሚማረው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ፥ የማኅበራዊ ሳይንስ ሒሳብ፥ ሥነ ልቡና፥ አመክንዮ፥ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ታሪክ፥ የሰው ልጅ ማኅበራዊ ኑሮ ጥናት፥ ሥነ ምግባርና ዜግነት፥ አዳዲስ የቴክኖሎጂ ዓይነቶች፥ የሥራ ፈጠራና ይህን የመሰሉትን ነው። ከእነዚህም መካከል የኢኮኖሚክስ መግቢያ የተባለ አንድ ትምህርት አለ። ልጁ ይህን ሲቀምስ ወደፊት የሚማረው ነገር ይወደድለት እንደ ሆነ ያውቃል። ወደ ትምህርት ክፍል የሚመደበው ከዚህ በኋላ ነው፤ ምደባውም በፍላጎቱና በውጤቱ፥ በክፍሉም ባለው ቦታ ልክ ይደረጋል። እንግዲህ «ልጄ ኢኮኖሚክስ ገብቷል» ተብሎ ለጎረቤት የሚነገረው በሁለተኛው ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት «የጋራ ትምህርት ነው» ብሎ የተዘናጋ ልጅ የሚወደውን ክፍል ሳያገኝ ይቀራል።

ሁለተኛው ዓመት። ይህ የመሠረት ዓመት ነው። ማይክሮ ኢኮኖሚክስ የሚባለው የቤተ ሰብን፥ የነጋዴንና የገበያን ጠባይ ይመረምራል። ማክሮ ኢኮኖሚክስ የሚባለው ደግሞ የአገርን ጠቅላላ ሀብት፥ የዋጋ መናርን፥ ሥራ ማጣትንና የገንዘብን ዝውውር ይመረምራል። ሁለቱም አንደኛና ሁለተኛ ተብለው በየመንፈቁ ይሰጣሉ። ከእነርሱ ጋር የሒሳብ መዝገብ መሠረት፥ ካልኩለስ፥ ሊኒየር አልጀብራና ስታትስቲክስ ይመጣሉ። ልጆች የሚደነግጡት በዚህ ነው። ኢኮኖሚክስ ወሬና ክርክር ብቻ መስሎት ከሒሳብ ሸሽቶ የመጣ ተማሪ፥ ሒሳብ በደጁ ቆሞ ሲጠብቀው ያገኘዋል። ስለዚህ ልጁ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ሒሳብን ከጠላ ወላጅ አስቀድሞ ይንገረው፤ ክረምቱንም ለዚሁ ማጠንከሪያ ያድርግለት።

ማክሮ ኢኮኖሚክስ ለሆሳዕና ቤተ ሰብ ሩቅ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ እንስጥ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ያህል ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ አገር ዘመድ ገንዘብ የሚላክለት ቤት በእጁ የገባው ብር በዛለት። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዘይትና መድኃኒት፥ ቆርቆሮና ነዳጅ ዋጋው አብሮ ሲነሣ፥ የሚላክለት ዘመድ የሌለው ጎረቤት ከበዛው ብር ሳይካፈል ከተወደደው ዕቃ ተካፈለ። አንዱ ነገር አንዱን እንዴት እንደሚጎትተው ማስተዋል የዚህ ትምህርት ሥራ ነው።

ሦስተኛው ዓመት። በዚህ ዓመት ልጁ በመሠረቱ ላይ ግድግዳ ያቆማል። ኢኮኖሜትሪክስ የተባለው ትምህርት ስታትስቲክስንና ኢኮኖሚክስን አጋብቶ፥ «ማዳበሪያ የጨመረ ገበሬ ምርቱ የጨመረው በማዳበሪያው ነው ወይስ በዝናቡ?» የሚለውን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ ይሞክራል። ከክፍሉ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው የሚሉ ተማሪዎች ብዙዎች ናቸው። የልማት ኢኮኖሚክስ፥ የዓለም አቀፍ ንግድ ኢኮኖሚክስ፥ የመንግሥት ገቢና ወጪ፥ የገንዘብና የባንክ ትምህርት፥ የሥራና የሠራተኛ ኢኮኖሚክስ፥ የእርሻ ኢኮኖሚክስም ይሰጣሉ። በእርሻው ትምህርት ውስጥ የአገራችን ገበሬ ራሱን ያገኛል። በከምባታ በሀደሮ አካባቢ ብዙ ገበሬ ኑሮውን በዝንጅብል ላይ መሥርቶ ሳለ በ2004 ዓ.ም. ግድም የገባው የማጠውለግ በሽታ ሰብሉን አጠፋው። ሀብትን ሁሉ በአንድ ሰብል ላይ መጣል በደኅናው ዓመት የቱን ያህል እንደሚያተርፍ፥ በክፉው ዓመት ደግሞ የቱን ያህል እንደሚያደኸይ ከዚህ የበለጠ አስተማሪ የለም።

አራተኛው ዓመት። በመጨረሻው ዓመት የልማት ዕቅድና የፕሮጀክት ግምገማ፥ የተፈጥሮ ሀብትና የአካባቢ ኢኮኖሚክስ፥ የኢንዱስትሪ ኢኮኖሚክስ፥ የኢኮኖሚክስ አስተሳሰብ ታሪክና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ይማራል። የትምህርቶቹ ቅደም ተከተል ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ጥቂት ሊለያይ ይችላል፤ አካሉ ግን ለአገሪቱ ሁሉ በጋራ የተዘጋጀ ስለ ሆነ የሆሳዕናውና የጎንደሩ ተማሪ የሚማሩት ተመሳሳይ ነው። በዚሁ ዓመት ተማሪው ራሱ ጥያቄ መርጦ፥ ሰዎችን ጠይቆ፥ ቁጥር ሰብስቦ የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጃል። ብልህ ተማሪ ጥያቄውን ከሩቅ አገር አያመጣም። በሾኔ ገበያ የበቆሎ ዋጋ በክረምትና በመኸር የሚለያየው ለምንድን ነው? ከውጭ ገንዘብ የሚላክለት ቤት ከማይላክለት ይልቅ ልጆቹን በትምህርት ያቈያልን? እነዚህ ጥያቄዎች መምህርንም ወላጅንም የሚጠቅም መልስ ይወልዳሉ።

ስለ ውጤት አቈጣጠር

ወላጅ የልጁን የውጤት ወረቀት ለማንበብ የሚያስፈልገው ጥቂት ነገር ነው። እያንዳንዱ ትምህርት ክብደት አለው፤ ክብደቱም በሳምንት በሚሰጠው ሰዓት ይለካል። ኤ 4 ነጥብ፥ ቢ 3፥ ሲ 2፥ ዲ 1 ነው፤ ኤፍ ግን ምንም ነው። ለምሳሌ አንድ ተማሪ በ4 ሰዓት ትምህርት ቢ፥ በ3 ሰዓት ትምህርት ሲ፥ በሌላ የ3 ሰዓት ትምህርት ኤ ቢያገኝ፥ 12ና 6ና 12 ተደምሮ 30 ነጥብ ይሆናል። ይህም ለ10 ሰዓት ሲካፈል አማካይ ውጤቱ 3.00 ነው። ለመመረቅ የአራቱ ዓመታት አማካይ ከ2.00 ማነስ የለበትም።

ከዚህ ሌላ ሊታወቅ የሚገባው፥ አንዳንዱ ትምህርት የሌላው ደረጃ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ማይክሮ ኢኮኖሚክስ ያላለፈ ወደ ሁለተኛው መግባት አይችልም። ያ ትምህርት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ አንድ ኤፍ አንድ ዓመት ያስከፍላል። ስለዚህ በፈተና ሳምንት «አጎትህ ሞቷልና ፈጥነህ ና» ብሎ ልጅን የሚጠራ ቤተ ሰብ ቀብሩ የአንድ ቀን፥ ጉዳቱ ግን የአንድ ዓመት ሊሆን እንደሚችል ይወቅ። ልጅ በሕመም ወይም በቤት ችግር ማቋረጥ ግድ ከሆነበት ደግሞ ዝም ብሎ አይቅር። ወደ ሬጅስትራር ሄዶ በሥርዓት የማቋረጫ ወረቀት ሞልቶ ይውጣ፤ ለመመለስ የሚያስችለው ያ ወረቀት ነው።

ስለ ወጪው

በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 91 ተማሪው የትምህርቱን ወጪ ከመንግሥት ጋር እንዲጋራ ደንግጓል። የተማሪው ድርሻ ከማስተማሪያው ወጪ 15 ከመቶ ሲሆን፥ የምግቡና የመኝታው ሙሉ ዋጋ ይጨመርበታል። ይህም ገንዘብ የሚከፈለው ሥራ ከተያዘ በኋላ ቢያንስ ከወር ገቢው 10 ከመቶ እየተቀነሰ እንዲሆን ተወሰነ። ልጁ በየዓመቱ የሚፈርመው ውል ይህን የሚመለከት ስለ ሆነ፥ ሲፈርም የዓመቱን መጠን ጠይቆ ቅጂውን በቤት እንዲያስቀምጥ ይምከሩት። በዚህ ምክንያት ድኻ ወላጅ «ገንዘብ የለኝምና አላስተምርም» እንዲል የሚያስገድደው ነገር ቀሏል። ቢሆንም የመንገዱ፥ የልብሱና የሳሙናው፥ ጽሑፍ የሚባዛበትና ኢንተርኔት የሚከፈትበት ገንዘብ ከቤት ይወጣል። ይህን በዓመቱ መጀመሪያ ቈጥሮ መድቦ ማስቀመጥ ልጁ በመካከል ተሸማቆ እንዳያቋርጥ ይረዳል።

ስለ መጨረሻው ፈተናና ስለ ሥራ

ቀድሞ ትምህርቱን የጨረሰ ሁሉ ዲግሪውን ይዞ ይወጣ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የመውጫ ፈተና የሚባል ሌላ በር ተሠርቷል። ተማሪው በአራቱ ዓመታት ከተማራቸው ዋና ዋና ትምህርቶች ተጠይቆ ግማሹን ካላገኘ ዲግሪ አይሰጠውም፤ ደግሞ ሊፈተን ግን ይችላል። በመጀመሪያው ጊዜ በአገሪቱ በየትምህርቱ ዓይነት ከተፈተኑት ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያለፉት 40.65 ከመቶ ነበሩ። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት የተማረውን በአራተኛው ዓመት የረሳ ተማሪ ይጐዳል። ደብተሩን በየዓመቱ መጨረሻ የሚሸጥ ወይም የሚጥል ልጅ ካለ፥ እናት ትከልክለው።

ከዚያ በኋላ የሚገኘው ሥራ በባንክና በኢንሹራንስ፥ በፋይናንስና በገቢዎች መሥሪያ ቤት፥ በፕላንና በስታትስቲክስ፥ በገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራትና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ነው። እውነቱን ለመናገር ግን የሚመረቀው ብዙ፥ የሚከፈተው ቦታ ጥቂት ነው፤ ተመርቆ አንድና ሁለት ዓመት የሚቀመጥ ወጣት በየመንደሩ አለ። ዲግሪ ለሥራ ያበቃል እንጂ ሥራውን ራሱን ይዞ አይመጣም። በሰው ልጅ ላይ ይህን ሸሽጎ «ብቻ ተማር፤ ሁሉ ይሆንልሃል» ማለት ኋላ ለሚመጣው ኀዘን መሠረት መጣል ነው።

ስለ መንገዱና ስለ ትምህርቱ ሚዛን

እንግዲህ ወደ ታላቅ ወንድም ምክር እንመለስ። በሆሳዕናና በአካባቢዋ ከደቡብ አፍሪካ በተላከ ገንዘብ የተሠራ ቤት፥ የተከፈተ ሱቅ፥ የተማረ ታናሽ መኖሩን ማንም አይክድም። ስለዚህ የሄደውን ሁሉ መውቀስ አይገባም። ነገሩን መመዘን ግን ይገባል፤ መመዘኛውንም ይኸው የኢኮኖሚክስ ትምህርት ይሰጠናል።

በ1970 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጆን ሃሪስና ማይክል ቶዳሮ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፥ ሰው ሥራ ሳይኖር እንኳ ከገጠር ወደ ከተማ ለምን እንደሚጎርፍ መረመሩ። መልሳቸው ሰው የሚሄደው በሚሰማው ደመወዝ ሳይሆን፥ ያ ደመወዝ ሥራውን ለማግኘት ባለው ዕድል ተባዝቶ በሚገኘው ተስፋ ነው የሚል ነው። ለምሳሌ ያህል በወር 10,000 ብር የሚከፈልበት ሥራ አለ ቢባል፥ ከሁለት ሰው አንዱ ብቻ የሚያገኘው ከሆነ የተስፋው ዋጋ 5,000 ብር ነው እንጂ 10,000 አይደለም። በአገሩ 6,000 የሚያገኝ ሰው ለዚህ ብሎ ቢሄድ በሒሳቡ ይከስራል።

በሠርግና በበዓል የምናየው ግን የተሳካለትን ብቻ ነው፤ ያልተሳካለት አይታይም፤ ስለዚህ ዕድሉን አብዝተን እንገምታለን። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ አገር በቴቴ አውራጃ በአንድ የጭነት መኪና ሣጥን ውስጥ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው የተነገረላቸው 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። እነዚያም እያንዳንዳቸው እናት ነበራቸው።

ይኸው ሚዛን በትምህርቱም ላይ ይደረግ፤ አለዚያ ፍርዳችን አድልዎ ይሆናል። ኢኮኖሚክስ የተማረም ሁሉ ሥራ አያገኝም፤ የመውጫው ፈተናም የሚጥለው አለ። ልዩነቱ ያለው በኪሳራው ጠባይ ነው። ፈተና የወደቀ ደግሞ ይፈተናል፤ ሥራ ያጣ ተመራቂ ሌላ ሥራ እየሠራ ይጠብቃል፤ የተማረው ሒሳብና የገበያ ዕውቀት በሱቁም በእርሻውም ይከተለዋል። ለደላላ የተሸጠው መሬትና በመንገድ የቀረው ልጅ ግን አይመለሱም። ትርፋቸው ቢመሳሰል እንኳ የሚመለስ ኪሳራና የማይመለስ ኪሳራ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። አባትና ልጅ በአንድ ምሽት ወረቀት ይዘው ተቀምጠው፥ ወጪውን፥ ዕድሉንና ኪሳራውን በሁለት ዓምድ ቢጽፉት የስልክ ወሬ ከሚወስንላቸው ይልቅ ራሳቸው ይወስናሉ።

ስለ ሴቶች ልጆች

ከሀዲያ ገራድ የተወለደችው ንግሥት እሌኒ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ምክሯ የሚሰማ፥ በልብነ ድንግል ሕፃንነትም ጊዜ አገር ያስተዳደረች ነበረች። በሆሳዕና ያለው ትልቅ ሆስፒታል በስሟ ይጠራል። በስሟ የምንኮራ ከሆነ በልጆቻችን ላይ ልናሳየው ይገባል። ወንድ ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ «ደክሞታልና ይተኛ» ይባላል፤ ሴት ልጅ ስትመጣ ግን ማጀቱ፥ ውኃውና ቆጮው ይጠብቋታል። ያን ከባድ ሒሳብና ኢኮኖሜትሪክስ እርሷም እንደ ወንድሟ ትፈተነዋለች። በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ «ይህ የአንቺ ነው፤ ማንም አይጠራሽም» ብትባል፥ ብዙዎች ሴቶች ልጆች በመካከል ከመቅረት ይድናሉ።

ለወላጆች የምንመክረው

አንደኛ፤ ልጁ ይህን ትምህርት የመረጠው ወድዶት ነው ወይስ ጓደኛው ስለ መረጠው ብላችሁ ጠይቁት። ሁለተኛ፤ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት የትምህርት ክፍሉን እንደሚወስን አስታውሱት። ሦስተኛ፤ በሁለተኛው ዓመት ሒሳብ ቢከብደው ሳይወድቅ አስቀድሞ መምህሩንና የበላይ ተማሪዎችን እንዲጠይቅ አበረታቱት፤ አፍሮ የተደበቀ ተማሪ አይማርም። አራተኛ፤ በየመንፈቁ የውጤቱን ወረቀት አሳየን በሉት፤ ሲያሳያችሁም አትቈጡ፤ የተቈጣችሁ እንደ ሆነ ዳግመኛ አያሳያችሁም። አምስተኛ፤ የኮምፒዩተር ሒሳብ መሥሪያና የስታትስቲክስ መተንተኛ ፕሮግራም ጠንቅቆ እንዲያውቅ ምከሩት፤ ቀጣሪ ከዲግሪው ቀጥሎ የሚጠይቀው ይህን ነውና። ስድስተኛ፤ በየክረምቱ ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ በአጎቱ ሱቅ፥ በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በቀበሌ ጽሕፈት ቤት እየገባ የተማረውን በዓይኑ ይይ።

የመጨረሻውም ምክራችን ይህ ነው። ልጁ በክፍል የተማረውን በቤት ጠይቁት። «ልጄ፥ ዘንድሮ ስንዴ የተወደደው በምን ምክንያት ነው? ጤፉን አሁን እንሽጠው ወይስ እስከ ግንቦት እናቈየው?» ብሎ አባት ሲጠይቀው፥ ልጁ ዕውቀቱ ለቤቱ እንደሚያስፈልግ ያያል፤ የማያውቀውንም ለማወቅ ይተጋል። አባትም ብዙ ዘመን በልምድ ያወቀውን ልጁ በቁጥር ሲያስረዳው መስማት ደስታው ነው። ልጁ የማያውቀው፥ ገበያውን ያረጀበት አባት ግን የሚያውቀው ብዙ ነገር ስላለ፥ ትምህርቱ ከሁለቱም በኩል ይሆናል። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ተመራቂ፥ ሥራው በባንክ ቢሆን በእርሻ፥ በመሥሪያ ቤት ቢሆን በሱቅ፥ አራቱ ዓመት ባክነውብኛል አይልም።